ከውጭ ተምሬ መጣሁ፣ ታናሽ ወንድሜን ይዤ የት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጆች እንደምን ከረማችሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ በስኮላርሺፕ ሃንጋሪ ሄጄ ማስተርሴን ጨርሼ በቅርቡ ነው የተመለስኩት። እዛ እያለሁ እረፍት ሲኖር ከክላስ ልጆች ጋር ቪየናንም ፕራግንም አይቻለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ግን ከደብረ ብርሃን ወጥቶ የሚያውቀው አዲስ አበባን ብቻ ነው። እኔ በሌለሁበት እማዬ ታማ ያስታመማት እሱ ነው፣ አሁን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ማታ ማታ የሚጠይቀኝ ስለ ውጭ ብቻ ነው፣ ስለ ባቡሩ ስለ ዳኑብ ወንዝ ስለ ዶርሙ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጥቂት ቀን የራሳችንን አካባቢ አብረን እንይ ብዬ አሰብኩ፣ አንኮበርን እንኳን ሁለታችንም አናውቀውም! እማዬ ግን ብር ከምታባክኚ ላፕቶፕ ግዢለት ትለኛለች። ምን ትሉኛላችሁ፣ ከሄድንስ የት የት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ እህቴ፣ ለምረቃሽም እንኳን ደስ አለሽ! እኔ ሂዱ ነው የምልሽ። እናትሽ እውነታቸውን ነው፣ ላፕቶፑ ያስፈልገዋል፣ ግን ላፕቶፕ ከመጀመሪያ ደሞዝሽም ይገዛል፣ አንቺ ሥራ ከገባሽ እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው ሁለታችሁ እኩል ነፃ የምትሆኑበት ጊዜ መቼ እንደሚገኝ ማን ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጉዞውን እሱ ይምራው። አሁን ከውጭ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ጎረቤቱም ዘመዱም አንቺን ነው የሚያየው፣ ብሩም ያንቺ ነው፣ በዚህ ላይ ፕሮግራሙንም አንቺ ካወጣሽ ልጁ ሲከተልሽ ውሎ ሲከተልሽ ይመለሳል። የመንገዱን ብር ቆጥረሽ እጁ ላይ አድርጊለትና መናኸሪያ ሄዶ መኪና እሱ ይጠይቅ፣ የአልጋ ዋጋ እሱ ይከራከር፣ እዚህ እንደር ወይስ እንመለስ የሚለውን እሱ ይወስን። እናቱን ሲያስታምም ቤት ሲያስተዳድር የከረመ ልጅ ይሄ አያቅተውም።

ቦታ ደግሞ አታብዙ። እኔ ብሆን አንኮበርንና የመንዝ ጓሳን ብቻ እይዛለሁ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ደርሶ መልስ ይቻላል ግን እደሩ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1841 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኞች ከባሕር ዳርቻ ተነስተው ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጠው የመጡት እዚህ ነው፣ አፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የነበሩት እዚህ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ አሁን ሎጅ አለ፣ ማደሩ ከተወደደባችሁ ቡና ጠጥታችሁ ውረዱ። ከላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ ቁልቁል እየወረደ አፋር ድረስ ይሄዳል፣ ከሥር ያለችው አልዩ አምባ የድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ታሪኩን የአካባቢው አባቶች ይንገሩት እንጂ አንቺ ከስልክ እያነበብሽ አትንገሪው።

ጓሳ ግን ሌላ ነው። በጣርማበር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ ከተማዋ ሳትደርሱ ነው የምታገኙት፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ለምዶናል ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ጋቢም ወፍራም ጃኬትም ያዙ። ጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ይወጡና ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ይበላሉ፣ ብዙ ናቸው፣ ድምፃቸው ደግሞ ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ትንሽ ከታገሳችሁ ቀይ ቀበሮ መሐላቸው ቀስ ብሎ ሲያልፍ ልታዩ ትችላላችሁ፣ አይሸሹትም እሱም ግልገል ሲነካ እምብዛም አይታይም፣ የሚፈልገው አይጥ ነው፣ እዛው ጓሳ ያጠኑት ተመራማሪዎች እንዳዩት ብቻውን ከሚያድን ይልቅ መንጋው መሐል ሆኖ ሲያድን አይጥ መያዝ ይቀናዋል። ይሄ ሁሉ የተረፈው ደግሞ በመንዝ ሰው ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ለቤት ክዳን ለገመድ ለገሳ እያጨዱ ጠብቀው አቆዩት። እኔ ለወንድምሽ በጣም እንዲያየው የምፈልገው ይሄን ነው፣ የገዛ ዘመዶቹ ሥራ ነውና። ደርሳችሁ ሳትመዘገቡና የአካባቢ አስጎብኚ ሳትይዙ አትግቡ።

ስለ ውጭ የሚጠይቅሽ አገሩን ንቆ አይምሰልሽ፣ አንቺ የሌለሽበትን ጊዜ ነው የሚጠይቅሽ። ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ አትንገሪው፣ የናፈቅሽበትን ቀን፣ ብር ያለቀብሽን ወር፣ ፈተና የከበደሽን ሁሉ ንገሪው፣ ነገ እሱም ስኮላርሺፕ መሞከሩ አይቀርም። እሱም የእማዬን ሕመም በስልክ ደብቆሽ ከነበረ እዛ መንገድ ላይ ያወራሻል፣ ሲያወራ አታቋርጪው።

ከመነሳትሽ በፊት የዲግሪሽን የአቻ ግምት ማመልከቻ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስገቢ፣ እናንተ ስትዞሩ እሱ ሂደቱን ይቀጥላል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ዛሬ ክፍት የነበረው ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ የምትነሱበት ቀን ጠዋት ሾፌሮችን ጠይቁ፣ መሐል ሜዳ ዘመድ ካለም ደውሉ፣ ጥርጣሬ ካለ ቅሩ፣ ጓሳ የትም አይሄድም። ከቀራችሁ ደግሞ እናትሽን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለሙ፣ ከዛ በአዲስ አበባ መንገድ አንጎለላ ድረስ ሂዱ፣ ምኒልክ በነሐሴ 1836 የተወለዱት እዛ ነው፣ ቅርብ ስለሆነ እናትሽም አይደክሙም።