መልስ፦ ሲመሽ «ቤቴ ውሰዱኝ» ለሚሉት እናትሽ

እናትሽ አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) አለባቸው። ሲመሽ ነጠላቸውን ለብሰው «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፣ «ቤትሽ እኮ ነው» ስላቸው ይቆጣሉ ብለሻል። በዚህ በሽታ ወደ ማታ ግራ መጋባት የተለመደ ነው። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። «እሺ እማዬ፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» በያቸውና ስለ ድሮ ሰፈራቸው ጠይቂያቸው። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ራሱ ይረሳል። ሳይጨልም መብራት አብሪ። ቡናው ጠዋት ይሁን (የማታውን ማስቀረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ!)። ምናልባት ወጥተው ቢጠፉ ስልክ ቁጥርሽን ልብሳቸው ላይ ስፊ። ቆልፈሽባቸው ግን አትውጪ። ወንድሞችሽ ብር መላካቸው ጥሩ ነው፤ በተራ ማደርም ይልመዱ እንጂ!

ደግሞ ግራ መጋባቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ «በሽታው ነው» ብለሽ አትለፊው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይያቸው። ሁለቱም ይታከማሉ።