ፕሪአምፑ ይቆይሽ፣ መጀመሪያ ጋቢ ተዋሺ

"ጋሼ" ብለሽ ጀመርሽልኝ። ሽበቴ በጽሑፍም ይታያል ማለት ነው። ይሁን።

ጥያቄሽን ለሌሎቹም አንባቢዎች ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ብርሃን ነሽ፣ ዘንድሮ በጋዜጠኝነት ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። ድምፅሽን ሰው ሁሉ ይወድልሻል፤ ስለዚህ ቤት ሆነሽ ማስታወቂያ ማንበብና መጽሐፍ መተረክ አስበሻል፣ ሰፈር ውስጥ በገና የሚደረድሩ ልጆችንም ብትቀርጪ ደስ ይልሻል። በእጅሽ ያለው አንድ ሹር ኤስኤም58 ማይክና ያገለገለ የፎከስራይት ስካርሌት ሳውንድ ካርድ፣ ሦስተኛው ትውልድ ነው። ድምፅሽ አንሶ ይገባል፤ ጌይኑን ስትጨምሪው ደግሞ "ሽሽሽ" ይላል። 30 ሺህ ብር አጠራቅመሻል፣ "በዚህ ብር ጥሩ ፕሪአምፕ የቱ ነው?" ነው ጥያቄሽ።

መልሴ፦ የትኛውንም አትግዢ። ለጊዜው ማለቴ ነው።

ፕሪአምፕ እኮ አለሽ። ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፣ የሚሊቮልት ነገር ነው፤ እሱን ኮምፒውተሩ ሊያነበው በሚችል ደረጃ የሚያጎላው ዕቃ ነው ፕሪአምፕ የሚባለው። ሳውንድ ካርድሽ ላይ ጌይን ብለሽ የምታዞሪው ቁልፍ የሱ ነው። የካርድሽ ፕሪአምፕ እስከ 56 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያጎላል፣ የራሱ ሹክሹክታ ደግሞ ከዜሮ በታች 128 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ፊዚክስ ራሱ ከዚህ ብዙ ዝቅ አያስደርግም። በብዙ መቶ ሺህ ብር የሚሸጠውም ፕሪአምፕ በዝምታ የሚበልጥሽ በጥቂት ዴሲቤል ነው። 30 ሺህ ብርሽ የሚገዛው ደግሞ እሱን አይደለም።

ታዲያ ያ "ሽሽሽ" ከየት መጣ? ይህን በግምት አንመልሰው፣ ሞክሪው። ዛሬ ማታ ጌይኑን ሁልጊዜ በምትቀርጪበት ቦታ ላይ አቁሚና ሠላሳ ሰከንድ ዝም ብለሽ ቅረጪ። ከዚያ ምንም ሳትነኪ ማይኩን በወፍራም ጋቢ ሦስት አራት ጊዜ ጠቅልይው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ልብሱ መሀል አስገቢው፣ ዝጊውና እንደገና ሠላሳ ሰከንድ ቅረጪ። ሁለቱን በሄድፎን አስተያይ። ጋቢ ውስጥ ሲሆን ጫጫታው ከወረደ ጥፋቱ የክፍልሽ ነው፣ ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ፣ የላፕቶፑ ፋን፣ የቆርቆሮው ንፋስ። ምንም ካልተለወጠ ያኔ ስለ ዕቃው እናወራለን። "ሽሽሽ" ሳይሆን ወፈር ያለ "እምምም" ከሆነ ደግሞ ይሄ የመብራት መስመር ድምፅ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅለሽ በባትሪ ቅረጪ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ። መብራት ሲጠፋ አትናደጂ። ካርድሽ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው፣ ስለዚህ ባትሪ እስካለ ይሠራል። ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፣ የሙዚቃ ቤቱ ስፒከር ዝም ይላል፣ የጎረቤት ፍሪጅ እንኳ ያርፋል። ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ ከተማው ውስጥ አታገኚም።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። "ፊቴን ከማይኩ አንድ ክንድ ያህል አርቄ" ብለሻል። ለዚህ ማይክ በጣም ሩቅ ነው። ኤስኤም58 ዳይናሚክ የሚባለው፣ ከካርዱ ኃይል የማይፈልግ ዓይነት ማይክ ነው፣ የተሠራው አፍ አጠገብ ተይዞ ለሚዘፈንበት ነው። ርቀቱን በግማሽ በቀነስሽ ቁጥር ድምፅሽ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ከ40 ሳንቲሜትር ወደ 10 ብትመጪ 12 ዴሲቤል በነፃ አገኘሽ ማለት ነው፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ይህን ያህል ዝምታ በብር ልግዛ ብትዪ አይሸጥልሽም። ስትጠጊ "ጳ" እና "ፐ" ማይኩን እንዳይመቱት አፍሽን ትንሽ ወደ ጎን አድርጊ፣ ወይም በሽቦ ቀለበት ላይ ስስ የሴት ካልሲ ወጥረሽ ከፊቱ አቁሚ። ስትጠጊ ድምፅሽ ወፈር ይላል፣ አትደንግጪ፣ ለማስታወቂያ እንዲያውም ይወደዳል።

ሦስተኛው ክፍሉ ነው። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ልጅ መሆንሽ ይጠቅምሻል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ስፖንጅ እየገዙ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ አንቺ ያለሽው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ውስጥ ነው፣ ወደ መንዝ ትንሽ ወጣ ብትዪ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለ። ወፍራም ሱፍ የድምፅን ነጸብራቅ ከስስ ስፖንጅ በተሻለ ይውጣል፣ በተለይ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ሲሰቀል። ከኋላሽ አንድ፣ ከጎንና ከጎንሽ አንድ አንድ ስቀይ። ማይኩ ድምፅ የሚቀበለው ከፊቱ ስለሆነ ከፊቱ ያለው ነገር፣ ማለትም ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ፣ ነው ይበልጥ የሚያስቸግረው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ባናም አያድንሽም። ያን ቀን ጽሑፍሽን ተለማመጂ።

የራሴንም ሞኝነት ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ድምፅ እቀርጽ ነበር፣ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ትንሿ የመስታወት ቱቦ የምታበራበት ፕሪአምፕ ገዛሁ። ሻጩ "ሬዲዮ ጣቢያ ያስመስልሃል" አለኝ። አምጥቼ ሳውንድ ካርዱ የማይክ መግቢያ ላይ ሰካሁት። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ ሲንጣጣ ኖረ። ለካ ፕሪአምፕ በፕሪአምፕ ላይ ደርቤ ነው! የውጭ ፕሪአምፕ የሚገባው ላይን በሚለው መግቢያ ነው፣ በትልቁ ጃክ። ሻጩ አልነገረኝም፣ እኔም መመሪያውን አላነበብኩም። ቱቦዋም ብትሆን ድምፅ ላይ ቀለም ትጨምር ይሆናል እንጂ ጫጫታ አትቀንስም።

ዩቲዩብ ላይ "ክላውድሊፍተር ካልገዛሽ ዋጋ የለሽም" የሚሉሽን በልኩ ስሚያቸው። ያ ዕቃ በፋንተም ፓወር፣ ማለትም ካርዱ በማይክ ገመዱ በሚልከው ኃይል፣ የሚሠራ፣ ወደ 25 ዴሲቤል የሚጨምር ትንሽ ሣጥን ነው፣ ጥሩም ዕቃ ነው። ስሙ የገነነው ግን ኤስኤም7ቢ ከሚባለው ማይክ ጋር ነው፣ እሱ ድምፁ አንሶ ስለሚወጣ 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን ይፈልጋል። ያንቺው ማይክ በዚህ ከእሱ ይሻላል፣ ከተጠጋሽ የካርድሽ 56 ዴሲቤል ለንባብ ይበቃሻል።

የበገናው ነገር ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ጥያቄሽ ትክክል ነው። በገና ጮክ አይልም። ማይኩን አፍሽ ላይ እንደምትደቅኚው ልትደቅኚበት አትችዪም፣ ያ የጅማቱ "ዝዝዝ" ከነእንጨቱና ከነቆዳው ተሰብስቦ የሚሰማው ትንሽ ራቅ ሲባል ነው። ራቅ ስትዪ ጌይን ያስፈልግሻል፣ ጌይን ስትጨምሪ "ሽሽሽ" ይመጣል። መፍትሔው ግን እዚህም ፕሪአምፕ አይደለም፣ ማይክ ነው። የራሱ ጫጫታ ዝቅ ያለ ኮንዴንሰር፣ ማለትም ከካርዱ ኃይል እየወሰደ የሚሠራ ማይክ፣ ፈልጊ፤ ለምሳሌ ሮድ ኤንቲ1 የሚባለው የራሱ ጫጫታ ከ5 ዴሲቤል አይበልጥም። ካርድሽ ላይ 48ቮ የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኚ ኃይሉን ያገኛል፣ ድምፁም ከዳይናሚኩ ብዙ ስለሚጎላ ጌይኑን ግማሽ ላይ ትተዪዋለሽ። ያገለገለ ከሆነ ሳትሰሚው ብር አትክፈዪ። ላፕቶፕሽንና ካርድሽን ይዘሽ ሂጂና ሻጩ ፊት ቅረጪበት። እምቢ ካለሽ ተመለሺ።

ዋጋ አልጽፍልሽም፣ ከዶላሩ ጋር ነገ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን ግን ልንገርሽ፦ የማይክ መቆሚያና ደህና ገመድ፣ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፣ ከዚያ ብሩ ከተረፈ ኮንዴንሰሩ። የቀረው ኪስሽ ይቀመጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደረቅ ናቸው።

አሁን ወደ እኔ ሥራ፣ ወደ ሥራ ፍለጋው ምክር፣ ልምጣ። በዚህ ሁሉ ዓመት "ፕሪአምፕሽ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ ደንበኛ አላጋጠመኝም። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፣ "እስኪ ናሙና ላኪ" እና "ለመቼ ይደርሳል"። አንቺ ደግሞ በደብዳቤሽ ስድስት ፕሪአምፕ ዘርዝረሽ አንድ ናሙና እንኳ አልላክሽልኝም! ሦስት ሥሪ። አንድ የሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ፣ አንድ የሁለት ደቂቃ ትረካ፣ አንድ ደግሞ እርጋታ የሚፈልግ፣ ለምሳሌ የጤና መልእክት። የራስሽን ጽሑፍ አንብቢ፣ የሰው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ አትተርኪ፣ በኋላ ጣጣ አለው። የመንዟን አያትሽን አነጋገር ለማጥፋት እንደምትታገዪም ጽፈሻል፤ ለዜና ይሁን፣ ለትረካ ግን እሱ ነው ለዛሽ፣ ተይው።

ናሙናሽን በምን ትለኪዋለሽ? ኤሲኤክስ የሚባለው የአማዞን የድምፅ መጽሐፍ መድረክ የሚጠይቀው ሦስት ቁጥር አለ። አማካይ ድምፁ ከ -23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ጫፉ ከ -3 የማያልፍ፣ ዝምታው ደግሞ ከ -60 በታች። እዚያ ሥራ ባታስገቢም ለመመዘኛ ይሆንሻል፣ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም በነፃ ይለካልሻል። ስትቀርጪ በ24 ቢት አድርጊው፣ ጫፉ -12 አካባቢ ቢቆም ይበቃል፣ ቀዩ መብራት ጋ ማድረስ የለብሽም። በኋላ ከፍ ታደርጊዋለሽ።

የናሙናሽ ዝምታ ከ -60 በታች ከወረደ ለሥራ ዝግጁ ነሽ፣ ከተማው ውስጥ ያሉትን ሱቆች፣ ሆቴሎችና የሥልጠና ማዕከላት በስልክሽ ይዘሽ ዙሪ፣ እዚያው አሰሚያቸው። ለመጀመሪያው ሥራ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠይቂ እንጂ በነፃ አትሥሪ።

የቁም ሳጥኑን ሙከራ ሁለት ፋይል እስከ እሑድ ላኪልኝ፣ ሰምቼ የትኛው እንደሆነ እነግርሻለሁ። የእናትሽን ጋቢ ከሆነ የምትወስጂው ግን አስፈቅጂ፣ በዚህ ብርድ።