እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከመምህራን ናቸው። ሁሉም ስለ ስልክ፣ ስለ ፍላሽና ስለ ፕሮጀክተር ይጠይቃሉ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ።

ከሐይቅ፣ አንዲት መምህርት። ያወረደችው ቪዲዮ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ይላል፣ መጽሐፉ ስምንት። ማንን ልመን ትላለች።

መጽሐፉን። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ የወጣችው ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ነው። ቪዲዮ ስታወርጂ መቼ እንደተሠራ እይ።

ከደሴ፣ የባዮሎጂ መምህር። ከአምስት የቴሌግራም ቻናል የለቀመው ፒዲኤፍና ቪዲዮ ስልኩን ሞልቶታል። እንዴት ላደራጀው ይላል።

አታደራጀው፣ አጥፋው። እውነቴን ነው። ሁሉንም በፎልደር ብትደረድረው ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ አይደርስልህም። ከትምህርቱ ተነሳ። የምታስተምረው የደም ዝውውር ነው እንበል። ልጆቹ በየዓመቱ የሚደናገሩት የት ላይ ነው? ልብ ደምን አንዴ ወደ ሳንባ፣ አንዴ ወደ ሌላው ሰውነት እንደምትገፋ መጨበጥ ያቅታቸዋል። እንግዲያው ይህን አጥርቶ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ፈልግ። አንድ ብቻ። እስከ መጨረሻው ራስህ እየው። ከዚያ ደብተርህ ላይ «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቁሜ፣ አሁን ደሙ ወዴት ይሄዳል ብዬ እጠይቃለሁ» ብለህ ጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ስልክህ ላይ ካለው ክምር ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ከመርሳ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን አጋዥ መጽሐፍ አባዝቼ ለተማሪ ብሸጥስ?

አትሽጥ። ለዝርዝሩ የሕግ ባለሙያ ጠይቅ።

ከውጫሌ፣ የታሪክ መምህር። ሁለት ቪዲዮ አግኝቷል። አንዱ የውጫሌ ውል በ1881 ተፈረመ ይላል፣ ሌላው በ1889። አንዱ የአንቀጽ 17ን ጣጣ የአስተርጓሚ ስህተት ያደርገዋል፣ ሌላው ሆን ተብሎ የተሸረበ ተንኮል ነው ይላል። ሁለቱም ብዙ ተመልካች አላቸው፣ የትኛውን ላሳይ ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ከውጫሌ መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። ቀኑ ቀላል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በእኛ፣ ሜይ 2 ቀን 1889 በፈረንጆቹ፣ አንድ ቀን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋታቸው በማን አቆጣጠር እንደሚናገሩ አለመግለጻቸው ነው።

የተመልካቹ ብዛት ግን ምንም አይነግርህም። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 45 ሰዎችን ድረ ገጽ አስመዝነው ነበር። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ 10 ደግሞ መረጃ ማጣራት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። ከምሁራኑና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው ሲያነቡ በአርማው ማማርና በስሙ ክብደት ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ገጹን ትተው ወጡ። ሌላው ሰው ስለ ገጹ ባለቤት ምን እንደሚል ፈለጉ። ቶሎ እውነቱ ላይ የደረሱትም እነሱ ናቸው። አንተም ቪዲዮውን አቁምና የቻናሉን ባለቤት ፈልግ። ማነው? ከዚህ በፊት ምን አውጥቷል? ምንጭ ይጠቅሳል ወይ?

አንቀጽ 17 ላይ ስትደርስ አንዱንም ቪዲዮ ቀድመህ አታሳይ። ውሉን ራሱን ይዘህ ግባ። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል፣ ሮም ደግሞ ግዴታ ነው ብላ ያዘችው። ሰሌዳውን ለሁለት ክፈል። በግራ «ይቻላቸዋል»፣ በቀኝ «ተስማምተዋል» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጥና ዝም በል። ልጆቹ ይናገሩ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ እንደደረሰ ያውቃሉ፣ ውሉ የተፈረመው ደግሞ እነሱ ባደጉበት አገር ነው። ሁለት ጽሑፍ አስተያይቶ መመርመርን ለማስተማር ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም። ቪዲዮዎቹን በማግስቱ አሳያቸው፣ «ይህ ሰው ማስረጃውን አሳየን ወይ?» እያሉ ይፍረዱ። ደሴ ስትወጣም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን የታሪክ መምህራን አነጋግር።

ከኮምቦልቻ፣ የሳይንስ ክበብ ኃላፊ። ቲክቶክ ላይ በረኪናን ከአሲድ ጋር የሚቀላቅል ሙከራ አይቷል። ልጆቹም አይተው ወደውታል። ክፍል ውስጥ ልሥራው ወይ ይላል።

በፍጹም! በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። ልጆቹ አይተውታል ካልክ ነገ ጠዋት በሰልፍ ላይ ንገራቸው፣ ቤታቸው እንዳይሞክሩት። ከኢንተርኔት ያገኘኸውን ማንኛውንም ሙከራ ለኬሚስትሪ መምህሩና ለቤተ ሙከራ ባለሙያው ሳታሳይ አትንካ። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም፣ አደራ እልሃለሁ። ጋዙን የሳበ ልጅ ካለ ንጹህ አየር ወዳለበት አውጣውና ወዲያው ጤና ተቋም ውሰደው። ለአሲድና ቤዝ ትምህርት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት (PhET) የሚባል በኮምፒውተር የሚሠራ ሙከራ አለ። ነጻ ነው። ኔትወርክ ባለበት አውርደህ ያለ ኔትወርክ ታሳየዋለህ።

ከወልድያ፣ መምህርት። በቻት ጂፒቲ የፈተና ጥያቄ ማውጣት ነውር ነው ወይ?

አብሽሪ፣ ነውር የለውም። ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እስክሪብቶ ይዘሽ ራስሽ ሥሪው። ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ምርጫ ያወጣልሻል። የሌለ መጽሐፍ ስም ፈጥሮም ይሰጥሻል፣ ያውም በሙሉ ልብ። የተማሪ ስምና ውጤት አታስገቢበት።

ከኩታበር፣ አንድ አባት። የልጄ አስተማሪ በየቀኑ በቴሌግራም ቪዲዮ ይልካል፣ የዳታው ወጪ አስጨነቀኝ ይላሉ።

እውነትዎን ነው አባቴ። ይህን ለመምህሩ ያሳዩልኝ፦ መምህር ሆይ፣ ከመላክህ በፊት ስንት ሜጋ ባይት እንደሆነ እይ። በግማሽ ገጽ ጽሑፍና በአንድ ፎቶ የሚያልቅ ከሆነ እሱን ላክ። ስልክ የሌለበትን ቤትም አስብ።

ከላሊበላ አካባቢ፣ ርዕሰ መምህር። ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር አግኝቷል። የቪዲዮ ዝርዝር አንዴ አጽድቀን መምህራን ሁሉ በዚያ ብቻ ቢያስተምሩስ ይላሉ።

ቅንነትዎ ይገባኛል። ግን በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ፣ ያ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሲመጣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ከእኛ ክፍል ማንም አልመለሰም። ኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሥዕሉን ግማሽ ድረስ ስላ፣ እስክሪብቶዋን አንስታ ቀረች። ሥዕሉ አልፏል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ላስቆመው አልችልም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ያዘጋጁ፣ ነገር ግን መምህሩ እንዲያቆም፣ እንዲዘል፣ እንዲተው ይፍቀዱለት። በወር አንድ ቅዳሜ ይሰብስቧቸው። እያንዳንዱ አንድ የሠራለትን፣ አንድ ያልሠራለትን ቪዲዮ ይዞ ይምጣ። ካልሠራው ይጀምሩ። ቡናም ይፈላ፣ ሰው ይመጣልዎታል።