መርፌው አዲስ ነው፤ ወረንጦውስ?

«አገጬ ላይ ያለውን ፀጉር በኤሌክትሮሊሲስ፣ በመርፌና በኤሌክትሪክ፣ ልገላገለው ነው። ቤቷ የምትሠራ የኛ ልጅ አግኝቻለሁ። መርፌው አዲስ ነው ብላኛለች። ሌላውን ዕቃ ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ይበቃል ወይ?» ላልሽው እህቴ፦ አይበቃም። ልጅቷ እጇ የተባረከ ልትሆን ትችላለች፤ እሱን አላውቅም። ሰማያዊው ሳጥን ግን አላማረኝም።

እኔ የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃ ታጥቦ ስቴራላይዝ የሚደረግበት፣ ማለትም ጀርሙ ሁሉ የሚገደልበት ክፍል። እዚህ አካባቢ ስንት የኛ ሰው በዚህ ሥራ እንደሚተዳደር ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ ፒሲኦኤስ የሚሉት፣ ፊት ላይ ፀጉር የሚያበቅል የሆርሞን መዛባት ስላለብኝ የአገጭ ፀጉር ጣጣ አይነገረኝም። ምላጩንም፣ ክሩንም፣ ዋክሱንም አይቼዋለሁ። ኤሌክትሮሊሲስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አልጋው ላይ ተኝቼም ዓይኔ ከዕቃው አይነሳም። የሥራ በሽታ ነው።

መርፌው ፀጉሩ በበቀለበት ቀዳዳ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። በጋልቫኒክ ዘዴ ኤሌክትሪኩ እዚያ ያለውን ጨውና ውሃ ወደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለውጠዋል፤ ሥሩን የሚያጠፋው እሱ ነው። በቴርሞሊሲስ ሥሩን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ብሌንድ የሚሉት ሁለቱን አንድ ላይ ነው። በየትኛውም ቢሆን መርፌው የሰውነት ፈሳሽ ይነካል፤ አንዳንዴም ደም። ስለዚህ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ አንቺ እያየሽ የሚከፈት መሆን አለበት። ሲያልቅ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ፣ መርፌ በማይበሳው ሳጥን፣ ይጣላል። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ካየሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። አንዳንዶቹ መርፌሽን ስምሽን ጽፈው ያስቀምጡና «ያንቺው ስለሆነ ችግር የለውም» ይሉሻል። ችግር አለው። አንዴ የተጠቀሙበት መርፌ አለቀለት።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። አዲስ መርፌ ርካሽ ነው፣ ደንበኛም ስለሚጠይቅ አብዛኞቹ ይቀይራሉ። ማንም የማይጠይቀው ስለ ወረንጦው ነው።

አስቢው። መርፌው ከወጣ በኋላ ፀጉሩን ከነሥሩ የሚያወጣው ወረንጦው ነው። ገና የተቃጠለውን ቀዳዳ አፍ ይነካል፣ እርጥቡን ሥር ይይዛል፣ ቀጥሎ ወዳለው ፀጉር ይሄዳል። አንቺ ስትነሺ ደግሞ ሌላ ሰው ትተኛለች። መርፌው ተጣለ፣ ወረንጦው ግን እዚያው ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደም በነካው ደረቅ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ደሙ በዓይን መታየት የለበትም። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው ላይ አለ፤ ብዙዎቹም እንዳለባቸው አያውቁም። ክትባቱን ካልወሰድሽ፣ ኤሌክትሮሊሲሱን ብትተዪውም እንኳ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።

እና ያ ሰማያዊ ሳጥን? የዩቪ (የአልትራቫዮሌት ጨረር) መብራት ነው። መብራቱ ያረፈበትን ገጽ ብቻ ነው የሚነካው። በወረንጦው መገጣጠሚያ፣ በጥርሶቹ መካከል፣ በደረቀ ቆሻሻ ስር አይገባም። ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ ቆሻሻውን ዕቃ ግን ንጹሕ አያደርገውም። የጋለ የመስታወት ዶቃ ውስጥ ዕቃቸውን ለጥቂት ሰከንድ የሚነክሩም አሉ። እሱም ተቀባይነት የለውም። አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍም እንደዚያው። አልኮል የባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የሚተኛበትን መልክ፣ አይገድልም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ኦቶክሌቭ ነው፤ በእንፋሎትና በግፊት፣ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የታሸገ ዕቃ ከሆነ ወደ 30 ደቂቃ። ሌላው ደረቅ ሙቀት ነው፤ በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት ወይም በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት። ከሁለቱም በፊት ግን ዕቃው ይታጠባል። ይህን እኛ ክፍል አዲስ ለሚገባ ሁሉ እስኪሰለቸው ነው የምንነግረው፦ ያልታጠበ ዕቃ ስቴራላይዝ አይሆንም። ሳይታጠብ ኦቶክሌቭ ውስጥ የገባ ወረንጦ እንደተቃጠለ ድስት ቆሻሻው ይጋገርበታል እንጂ አይጸዳም።

ከኦቶክሌቭ የወጣ ዕቃ በታሸገ ከረጢት ነው የሚመጣልሽ። ከረጢቱ ላይ ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ። ቀለሙ ተቀየረ ማለት ማሽኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ጀርሙ ሞቷል ማለት አይደለም። ለዚያ የስፖር ምርመራ አለ፤ እልኸኛ የባክቴሪያ ስፖር ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ሞቷል ወይ ብሎ ማየት። ጠንቃቃ ባለሙያ ይህን ቢያንስ በወር አንዴ ታደርጋለች፣ ውጤቱንም መዝግባ ትይዛለች። አሳዪኝ ብትያት አትቆጣም። እንዲያውም ደስ ይላታል፤ የሚጠይቃት ሰው የለማ!

ይህን ሁሉ መጠየቅ ካሳፈረሽ አንድ ዘዴ ልስጥሽ። ወረንጦዎቿን ቁጠሪ። ማጠቡ፣ ማሸጉ፣ ማሽኑ፣ ማድረቁ ተደማምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን ስድስት ሰው የምትሠራ ሴት ሁለት ወረንጦ ብቻ ካላት፣ በመካከል ምን እንደምታደርግ መገመት አያቅትሽም።

ጓንቱንም እዪው። ጓንት አድርጋ ስልክ ካነሳች፣ የመብራቱን እጀታ ካንቀሳቀሰች፣ ፀጉሯን ወደኋላ ካደረገችና ወደ አገጭሽ ከተመለሰች ጓንቱ ያገለገለው ለሷ ብቻ ነው። በጋልቫኒክና በብሌንድ እጅሽ ላይ የምትይዢው የብረት ዘንግ አለ፤ እሱም ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ በጀርም መከላከያ መጠረግ አለበት። ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ዋጋ የለውም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪያልፍ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቆዳሽ ላይ አልኮል ከቀባችም መርፌው ከመግባቱ በፊት ይድረቅ።

ቤት ውስጥ መሥራቷ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ፈቃዷን ጠይቂ። እዚህ ሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርድ ነው። ካሊፎርኒያ 600 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ጭራሽ ፈቃድ የማይጠይቁ ስቴቶችም አሉ፤ እዚያ ከሆንሽ ጥያቄው ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው።

የኛን ቆዳ በተመለከተ ኤሌክትሮሊሲስ ጥሩ ነገር አለው፦ እንደ ሌዘር ቀለም አይመርጥም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይም፣ ነጭ ፀጉር ላይም ይሠራል። ጉልበቱ ከበዛ ግን ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ለወራት የማይለቅ። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ታስሞክርሽና ጥቂት ሳምንት ጠብቂ። የተጠጋጉ ፀጉሮችን ባንድ ቀን አታስነቅዪ። ፀጉሩ ሳይጎተት ሸርተት ብሎ መውጣት አለበት። እንደ መነቀል ካመመሽ ተነቅሏል ማለት ነው፤ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንቺም ገንዘብሽን ከፍለሻል። ኬሎይድ (እየገፋ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚወጣብሽ ከሆነ ወይም ልብሽ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ ሳትጀምሪ ተናገሪ፣ ሐኪምሽንም አማክሪ። እርጉዝ ከሆንሽም እንዲሁ።

ማደንዘዣ ቅባት ከኦንላይን ገዝተሽ ወፍራም አድርገሽ ቀብተሽ በፕላስቲክ እንዳትሸፍኚው። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2024 በነዚህ ቅባቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ያለሐኪም ትዕዛዝ ከሚፈቀደው 4 በመቶ በላይ ነው። ልብ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ከተሠራሽ በኋላ ትንሽ መቅላትና ማበጥ ያለ ነው። ነጠብጣብ የምታህል ቅርፊት ልትወጣ ትችላለች፤ አትላጫት። ለአንድ ቀን ሜካፕ የለም፣ ጂም የለም፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገርም የለም። ፀሐይ መከላከያ አትርሺ። ቦታው ከቀን ወደ ቀን እየቀላና እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለሽ ለሠሪዋ ሳይሆን ለሐኪም ደውዪ።