መልስ፦ ስኔፕን የተጫወተው አለን ሪክማን ትወና የጀመረው መቼ ነው?

ሰላም ወንድሜ። «ሃሪ ፖተር» ላይ ስኔፕን የተጫወተው ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ተዋናይ ነበር ወይ፣ አሁንስ በሕይወት አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አለን ሪክማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በቆሽት ካንሰር በ69 ዓመቱ አርፏል።

ከልጅነቱ ግን አልጀመረም። ለንደን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱ የሞቱበት ገና በስምንት ዓመቱ ነው። የተማረው ግራፊክ ዲዛይን ሲሆን ከጓደኞቹ ጋር የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፍተው ይሠሩ ነበር። 26 ዓመት ሲሞላው ያንን ሁሉ ትቶ ራዳ የሚባለው የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። የኪሱን ለመሸፈን ታዋቂ ተዋንያንን መድረክ ጀርባ ልብስ ያለብስ ነበር። እኔ በጣም የማከብርለት ይህንን ድፍረቱን ነው።

ከዚያ ለዓመታት ቴአትር ላይ ቆየ። በ1987 ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር) ላይ ሲጫወት ሆሊውድ ዓይኑን ጣለበት። «ዳይ ሃርድ» በ1988 ሲወጣ 42 ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያ ፊልሙም እሱ ነው! መጨረሻ ላይ ከፎቅ ሲወድቅ ፊቱን ልብ ብለህ እየው። ሲቀረጽ ሦስት ተቆጥሮ ከላይ ትለቀቃለህ ተብሎ ነበር፤ ገና «አንድ» ሲባል ለቀቁት። ድንጋጤው የምር ነው።

ስኔፕን ብቻ ካየህ በ1996 የወጣውን «ራስፑቲን» ፈልገህ እይ። ለቴሌቪዥን የተሠራ ፊልም ነው፤ ኤሚም ጎልደን ግሎብም አሸልሞታል። ለኦስካር ግን አንድም ጊዜ አላጩትም፤ እኔን እስካሁን ይቆጨኛል።