ስለ ሻቶ ዲኬም ጠይቁኝ፦ የቦርዶው ጣፋጭ ነጭ ወይን (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዲኬም አንድ ቀን በሰፊው እናወራለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ዛሬ ቀኑ ነው። ሥራዬ ፓሪስ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን መምረጥና ማቅረብ ነው። ከቦርዶ ነጭ ወይኖች ሁሉ ልቤ ያለው እዚህ ቤት ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወይኑ ላይ ስኳር አይጨመርም። ጠርሙሱን ሙቀት ውስጥ አታስቀምጡ። በሉ ጀምሩ።

የቦሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ ለማናውቀው ሰዎች ምንድን ነው ዲኬም?

መልስ፦ ከፈረንሳይዋ የቦርዶ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሶተርን የሚባል አካባቢ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የወይን እርሻ ነው። ምርት የሚሰጠው መሬት ወደ 100 ሄክታር ይሆናል። አብዛኛው ሴሚዮን የሚባለው ዘር ነው፤ የቀረው ሶቪኞን ብላን። በ1855 የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲወጣላቸው፣ ከጣፋጭ ነጮቹ መካከል ከአንደኛ ደረጃ በላይ የሆነ ማዕረግ የተሰጠው ለዲኬም ብቻ ነው። እስከ ዛሬም የሚጋራው የለም።

ተማሪዋ፦ የሻገተ ፍሬ ነው የሚጠመቀው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ደግ ጠየቅሽ። የዚህ ቤት ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ሻጋታው ቦትሪቲስ ሲኔሪያ ይባላል። ሌላ ቦታ ገበሬ ሲያየው ይደነግጣል። ሶተርን ግን ቆሞ ይጠብቀዋል። ሲሮን የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። በዛፍ ጥላ ሥር ስለምታልፍ ውኃዋ ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ካለው ከትልቁ የጋሮን ወንዝ ጋር ስትገናኝ፣ በመከር ወራት ማለዳ ማለዳ ጉም ይነሣል። ጉሙ ፍሬውን ያረጥባል፤ ሻጋታው ይይዛል። ከሰዓት ፀሐይ ይወጣል፣ ነፋስ ይመጣል፣ ሁሉም ይደርቃል። ዋናው ነገር ይህ መፈራረቅ ነው። ዝናቡ ቀን ከሌት ከቀጠለ ግን ያው ሻጋታ ፍሬውን አበስብሶ ያበላሸዋል። ያኔ ይጣላል።

ነገሩ በደህና ከሄደ ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ በቀጫጭን ክሮቹ ይበሳሳዋል። በዚያ በኩል ውኃው ይተናል። ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ሻጋታው ራሱም ጤነኛ ፍሬ ላይ የማይገኝ መዓዛ ይጨምርበታል። የደረሰውን ፍሬ በቅርብ ብታዪው ዐመድ የተነሰነሰበት ዘቢብ ይመስላል። ሐምራዊ ቡኒ፣ የተጨማደደ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ።

ችግሩ አንድ ዘለላ ላይ ሁሉም እኩል አለመድረሱ ነው። አንዱ ተጨማዷል። ጎኑ ያለው ገና ወርቃማና ጠንካራ ነው። ከሥሩ ያለው በክፉው ብስባሽ ተበልቷል። ስለዚህ ለቃሚው መቀስ ይዞ ይመርጣል። የደረሰውን ይቆርጣል፣ ያልደረሰውን ይተዋል፣ ከቀናት በኋላ ወደዚያው ግንድ ይመለሳል። በአንድ መከር አምስትና ስድስት ጊዜ በየረድፉ ይመላለሳሉ፤ አንዳንድ ዓመት ከዚያም ይበልጣል። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ሊዘልቅ ይችላል። ለዚህ ዓይን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ለቃሚዎች ያንን መሬት በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ወይኑን የሚሠሩት መጀመሪያ እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የሶተርን ሕግ በሄክታር እስከ 25 ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ይፈቅዳል። ዲኬም በአማካይ የሚያገኘው ወደ 9 ነው። ከአንድ ግንድ አንድ ብርጭቆ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጠጅ አፍቃሪ፦ ታዲያ ማር ይጨምሩበታል ወይስ ስኳር? ጣፋጭ ነው ብላችኋል።

መልስ፦ አይጨመርም። ከላይ ተጽፏል። ጭማቂው በጣም ጣፋጭ ስለሆነ እርሾው በልቶ አይጨርሰውም። አልኮሉ 13 ወይም 14 በመቶ ግድም ሲደርስ እርሾው ይደክምና መብላላቱ ይቆማል። በሊትር ከ120 እስከ 150 ግራም የሚሆን ስኳር ሳይበላ ይቀራል። ያ ስኳር ከፍሬው የመጣ ነው።

ደረቅ ብቻ፦ ይቅርታ፣ ግን ጣፋጭ ወይን የጀማሪ መጠጥ ነው። እውነተኛ ጠጪ ደረቁን ነው የሚጠጣው።

ጠጅ አፍቃሪ፦ አባቶቻችን ጠጅ ሲጠጡ ጀማሪዎች ነበሩ ልትል ነው?

ደረቅ ብቻ፦ ጠጅ ሌላ፣ ወይን ሌላ። ደግሞ ጥሩ ጠጅ ደረቅ ነው። ስኳር የበዛበት ጠጅ ራስ ምታት ነው።

ጠጅ አፍቃሪ፦ እሱማ የጠጅ ቤቱ ጥፋት ነው እንጂ የማሩ አይደለም።

መልስ፦ ጠጁን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ስለ ጣፋጭነቱ ግን አንድ ነገር ልበል። ዲኬምን የሚሸከመው ኮምጣጣነቱ ነው። ስትጠጡት መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ስትውጡት ግን አፍ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሽሮፕ እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ነው። ሳይቀምሱ የሚፈርዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አቤል ከሐዋሳ፦ ሻጋታው ጤና አይጎዳም?

መልስ፦ አይጎዳም። ይህን ወይን ሰዎች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲጠጡት ኖረዋል።

ነዋሪ በዱባይ፦ ጋሼ፣ አሠሪዬ ሲሰናበቱ አንድ የዲኬም ጠርሙስ ሰጡኝ። 1996 ይላል። ወጥ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ልሸጠው ወይስ ላቆየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ከዚያ አውርደው! ሙቀት ይህን ወይን ይገድለዋል። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ያለበት ጨለማ ቦታ ነው የሚፈልገው። ከሌለህ ከፍሪጁ ታችኛው ክፍል ውስጥ በጎኑ አስተኛው፤ ከምድጃ በላይ ከመሆን በብዙ ይሻላል። ከዚያ ቡሹን እይ። ወጣ ብሏል? በዙሪያው የሚያጣብቅ ነገር ወርዷል? የወይኑስ ከፍታ አንገቱ ላይ ነው ወይስ ወደ ትከሻው ወርዷል? አይተህ ንገረኝ።

ሳራ ዲሲ፦ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። በስንት ዲግሪ ነው የሚቀርበው? ከምን ጋርስ?

መልስ፦ በ10 ወይም በ12 ዲግሪ። ከፍሪጅ ካወጣሽው በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። በረዶ ውስጥ አትንከሪው። ሲበርድ መዓዛው ይዘጋል፤ የሚቀረው ጣፋጭነቱ ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ አትቅጂ። ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆው ውስጥ ሲሞቅ ቀስ በቀስ የሚለወጠውን ይይ። መጀመሪያ ብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ማርና አፕሪኮት፣ ዕድሜው ከገፋ ደግሞ ሳፍሮን ይመጣል። ቀለሙም ከፈዛዛ ወርቅ ተነሥቶ በዓመታት ወደ ቡናማነት ይሄዳል። ቡናማ ሆነ ብለሽ ተበላሽቷል እንዳትዪ።

ፈረንሳዮች በዳክዬ ጉበትና በሮክፎር አይብ ይጠጡታል። ጨዋማ አይብ ጋር ድንቅ ነው። በጣም ጣፋጭ ኬክ ጋር ግን አታቅርቢው፤ ወይኑ ይጠፋል።

ሳራ ዲሲ፦ ዶሮ ወጥስ?

አቤል ከሐዋሳ፦ በርበሬ ወይኑን ይገድለዋል እኮ!

የቦሌ ልጅ፦ ኧረ እንዲያውም ጣፋጭ ነገር በርበሬን ያበርዳል።

አቤል ከሐዋሳ፦ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ በወጥ? ዝም ብሎ ማባከን ነው።

መልስ፦ የቦሌው ልጅ ትክክል ነው። ስኳር ማቃጠሉን ያለዝባል። ሶተርን ከቅመማ ቅመም ምግብ ጋር የሚያቀርቡ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ብሆን ግን ዲኬም ከመክፈቴ በፊት በሌላ የሶተርን ወይን እሞክረው ነበር። በርበሬው ጠንከር ካለ መዓዛውን አትሰሙትም።

ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ነው?

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ዓመት? ሙሉ ጠርሙስ ወይስ ግማሽ? የት አገር? የቅርብ ዓመታቱ ሙሉ ጠርሙስ አውሮፓ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። የ1811 አንድ ጠርሙስ በ2011 በ75 ሺህ ፓውንድ ተሸጧል። ጥያቄውን ለይተህ አምጣ።

መምህሯ፦ እርሻው የማን ነው? አንዲት ሴት ታሪክ አላት ሲባል ሰምቼ ነበር።

መልስ፦ እንዳላልፋት ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ።

ቤቱ ከ1593 ጀምሮ በሶቫዥ ቤተሰብ እጅ ነበር። በ1785 ፍራንስዋዝ ጆዜፊን የምትባለው የቤቱ ልጅ ከሉር ሳሉስ ቤተሰብ ቆንጆ ማዕረግ ያለው ወታደር አገባች። በሦስት ዓመቱ ባሏ ሞተ። ገና ወጣት ናት። ያላሰለሰ ሐዘን ላይ ሳለች የፈረንሳይ አብዮት መጣ። ሁለት ጊዜ ታሰረች። ርስቱን ግን አልለቀቀችም። በ1826 የወይን መጋዘን አሠራች፤ ይህ በዚያ አካባቢ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱን እስከ ሞተችበት እስከ 1851 ድረስ መራች። አራት ዓመት ቆይቶ የ1855ቱ ማዕረግ ሲመጣ እሷ አላየችውም፤ የልፋቷ ፍሬ ግን ነው። ስለ ዲኬም ሲወራ የንጉሥና የመስፍን ስም ይደረደራል፣ እሷ ትዘለላለች። ይህ ያናድደኛል።

ቤተሰቡ እስከ 1990ዎቹ ዘለቀ። በ1996 ኤልቪኤምኤች የሚባለው የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ከዘመዶቹ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። ሥራ አስኪያጁ አሌክሳንደር ደ ሉር ሳሉስ ተቃወሙ። ክርክሩ በ1999 አበቃ። እሳቸው እስከ 2004 ቆዩና በፒየር ሉርቶን ተተኩ።

ታሪክ ወዳድ፦ አንድ መስፍን ከሩሲያ ሲዘገይ ፍሬው ሻግቶ ጠበቀው፣ ወይኑ በአጋጣሚ ተገኘ ይባላል። በ1847።

መልስ፦ አፈ ታሪክ ነው። ሃንጋሪዎች ቶካይ በሚባለው አካባቢያቸው ቢያንስ ከ1600ዎቹ ጀምሮ ከሻገተ ፍሬ ወይን ይሠሩ ነበር። የ1847ቱ ወይን ግን በእርግጥ ዝነኛ ነው። የሩሲያው ታላቅ መስፍን ኮንስታንቲን በ1859 አንድ ቶኖ፣ ማለትም 900 ሊትር፣ በ20 ሺህ የወርቅ ፍራንክ ገዝቶታል።

ታሪክ ወዳድ፦ ፈላስፋው ሞንቴኝ የቤተሰቡ ስም ኤኬም ነበር። ርስቱ የሱ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የስም መመሳሰል ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰንስ? ዲኬም ገዝቷል ይባላል።

መልስ፦ እሱ እውነት ነው። በ1787 ቦርዶን ጎበኘ፤ የ1784ቱን ዲኬም 250 ጠርሙስ አዘዘ። በኋላም ለጆርጅ ዋሽንግተን 30 ደርዘን አዞለታል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ1980ዎቹ የጄፈርሰን ስም መነሻ ፊደላት የተቀረጹባቸው ጠርሙሶች ጨረታ ላይ ወጥተው ነበር። ዲኬምም ነበረበት። ከገዢዎቹ አንዱ የራሱን ጠርሙሶች ሲያስመረምር ፊደሎቹ በዘመናዊ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀረጹ ሆነው ተገኙ። ያረጀ ጠርሙስ የት እንደቆየ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው አትግዙ። በስልክ ፎቶ ብቻ አትግዙ።

ደረቅ ብቻ፦ ደረቅ አይሠሩም?

መልስ፦ ይሠራሉ። ኢግሬክ ይባላል። በ1959 ተጀመረ፤ ከ2004 ወዲህ በየዓመቱ ይወጣል። አንተ ከእሱ ጀምር።

የቦሌ ልጅ፦ ዝዋይ ላይ እንዲህ ዓይነት መሥራት አይቻልም? የካስቴል ኩባንያ የቦርዶ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ኩባንያው የቦርዶ ነው። የዝዋዩ እርሻ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2014 አወጣ፤ ነጩ ወይኑ ሻርዶኔ ከሚባል ዘር ነው። ሻጋታው ግን በኩባንያ አይመጣም። ጉምና ፀሐይ መፈራረቅ አለባቸው ብያለሁ።

አዲስ አባል፦ ሰላም፣ ሻጋታው ጤና አይጎዳም?

መልስ፦ ተመልሷል። ወደ ላይ ውጣ።

ተማሪዋ፦ ዝናብ ካበላሸው ያ ዓመት ምን ይሆናል?

መልስ፦ ጣፋጩ ወይን አይኖርም። ጣፋጩ ዲኬም በጠርሙስ አይወጣም። 1910፣ 1915፣ 1930፣ 1951፣ 1952፣ 1964፣ 1972፣ 1974፣ 1992 እና 2012 የሉም። እስቲ አስቢው። ዓመቱን ሙሉ ተገርዟል፣ ታርሷል፣ ተለቅሟል፣ ደመወዝ ተከፍሏል። ከዚያ ቀምሰው ደረጃውን አያሟላም ብለው ይተዉታል። ለምን ተወደደ ለምትሉ፣ ዋጋው ውስጥ እነዚህ ያልተሸጡ ዓመታትም አሉ። ከእነዚህ ዓመታት አንዱ የተጻፈበት ጣፋጭ ዲኬም የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ሐሰተኛ ነው።

ጥያቄ ብቻ፦ እሺ ጋሼ፣ ለይቼ መጣሁ። ጥሩ ዓመት፣ አቅም ለሌለው ሰው፣ ጀርመን።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። 2001 እጅግ የተመሰገነ ነው፣ ግን ውድ ነው። ከታወቀ ሱቅ ግማሽ ጠርሙስ፣ 375 ሚሊ ሊትር፣ ፈልግ። ለአራት ሰው ይበቃል። ከከፈትከው በኋላ ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥከው ሳምንት ይቆያል።

ነዋሪ በዱባይ፦ ጋሼ አየሁት። ቡሹ ትንሽ ወጣ ብሏል። ከሥሩ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር አለ። ወይኑ ትከሻው ጋ ነው።

መልስ፦ ሞቆ አብጦ ፈሷል ማለት ነው ወንድሜ። አትሽጠው፤ ለገዢው ሐቅ አይሆንም። አታቆየውም። አሁኑኑ ፍሪጅ ክተተው፣ በዚህ ሳምንት ክፈተው። ይህ ወይን ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ይጠብቁታልና ሙሉ በሙሉ ላይሞት ይችላል። ቡሹን ቀስ ብለህ አውጣ፣ ሊሰበር ይችላል። ብርጭቆ ውስጥ ስታሸተው የኮምጣጤ ሽታ ካለው ደፋው። ማርና ብርቱካን ከሸተተህ ጓደኞችህን ጥራ።