ድምፁን ምረጪ፣ ፊደሉን አትንኪው፦ የአይሪሽ ስም ለልጇ ለምታስብ እህት

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጥያቄሽ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ባለቤትሽ አይሪሽ ነው፣ አየርላንድ ውስጥ ጎልዌይ ትኖራላችሁ፣ ሴት ልጅ እየጠበቃችሁ ነው። እሱ «ኒቭ» ወይም «ኲቫ» እንበላት ይላል። አንቺም ድምፃቸውን ወደሽዋል። አጻጻፋቸውን ስታዪ ግን ደነገጥሽ። «ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ስሟን ስታስረዳ ልትኖር ነው? እንደሚነበበው አድርገን በቀላል እንግሊዝኛ ብንጽፈውስ?» ብለሻል።

እኔም ደብሊን የምኖር፣ አይሪሽ ያገባሁ እናት ነኝ። ልጆቼ የጌሊክ፣ ማለትም የአይሪሽ ቋንቋ፣ ስም ነው ያላቸው። ስማቸውን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። የትልቋ ግን ልክ እንደ ኒቭ በ«ኤች» አልቆ «ቭ» ተብሎ የሚነበብ ነው። ስለዚህ ጭንቀትሽ ይገባኛል። መልሴን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ስሙን በድምፁ ምረጪ፣ አጻጻፉን ግን እንዳለ ተዪው።

መጀመሪያ ፊደሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ እንይ። ይሄን ስታውቂ ግማሹ ፍርሃት ይለቅሻል። የአይሪሽ ቋንቋ በባህላዊው አጻጻፍ 18 ፊደላት ብቻ ነው ያሉት። «ቪ» የሚባል ፊደል የለውም። የ«ቭ»ን ድምፅ ሲፈልጉ «ቢ» ወይም «ኤም» ይጽፉና ከጎኑ «ኤች» ያስከትላሉ። በጥንታዊው የአይሪሽ ፊደል ከሆነ በ«ኤች» ፈንታ ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ነበር የሚደረገው። በኋላ ወደ ተራው የላቲን ፊደል ሲዞሩ የነጥቡን ቦታ «ኤች» ወሰደው። ኒቭ «ኤን፣ አይ፣ ኤ፣ ኤም፣ ኤች» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ኲቫ ደግሞ «ሲ፣ ኤ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኢ» ነው። ሁለቱም ውስጥ «ኤም» እና «ኤች»ን አንድ ላይ «ቭ» ብለሽ ካነበብሽ ዋናው ቋጠሮ ተፈታ።

ሌላው «ኤስ» ነው። ከጎኑ «አይ» ወይም «ኢ» ካለ «ሽ» ይሆናል። ሺቫንን ተመልከቺ። «ኤስ» ብሎ ጀምሮ «አይ» ይከተላል፣ ስለዚህ «ሺ»። ከዚያ «ቢ» ከነ«ኤች»ዋ አለች፣ ስለዚህ «ቭ»። አናባቢዎቹ ሁሉ ደግሞ ለመነበብ የተጻፉ አይደሉም። አንዳንዶቹ የቆሙት ጎረቤታቸው ያለው ተነባቢ እንዴት እንደሚነበብ ለማሳየት ነው። ከአናባቢ በላይ የምትታየው ጭረት ፋዳ ትባላለች፣ ድምፁን ታስረዝማለች። እንደ እኔ እንደ እኔ የአይሪሽ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሕጉን ያከብራል። የሚያስቸግረው ሰው በእንግሊዝኛ ሕግ ሊያነበው ሲሞክር ነው። እኛም ኃይሌን በ«ኃ»፣ ሐረርን በ«ሐ» እንጽፋለን። ድምፁ አንድ ነው ብሎ ኃይሌን «ሀይሌ» ብለህ ጻፍ የሚለው ሰው ቢመጣ ኃይሌ ደስ አይለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ቀለል አድርገን ብንጽፈው» የምትለውን ሐሳብ ለአማትሽ ከመንገርሽ በፊት ይሄን እወቂ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የአይሪሾች ስም መዝገብ ላይ ሲገባ በእንግሊዝኛ ስም ይተካ ነበር። ታይግ የተባለው ሰው ቲሞቲ ሆኖ ይጻፋል። ዲርሚድ ጄረማያ ይባላል። ግሮንያ ግሬስ ትሆናለች። በትርጉም አይገናኙም፤ በድምፅ ትንሽ ስለሚቀራረቡ ብቻ ነው። በ1893 ጌሊክ ሊግ የሚባለው ማኅበር ተቋቁሞ ቋንቋውን የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ ብዙ ሰው ስሙንም ወደ አይሪሽ መለሰ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ በ1938 የአገሪቱም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። እና ለባልሽ ቤተሰብ ይሄ አጻጻፍ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ቅድመ አያቶቻቸው የተቀሙት ነገር ነው። ኲቫን በ«ኬ» ጀምረሽ፣ በ«ቪ» ብትጽፊው ማንም አይጣላሽም። እንዲህ የሚጽፉ አይሪሾችም አሉ። አማትሽ ግን ምንም ሳትል ቅር ሊላት ይችላል።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። «ጸ» እና «ጠ» ያለበት ስም ይዘን አውሮፓ የመጣን ሰዎች ስማችን ሲቆራረጥ አይተናል። ለሥራ ቦታ ብለው ያሳጠሩት፣ ጭራሽ የቀየሩት ስንት አሉ! እኔ በሄድኩበት ሁሉ ስሜን እየደገምኩ እኖራለሁ፣ አሳጥሬውም አላውቅም። ልጄ ደግሞ በተወለደችበት አገር፣ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ስም ይዛ ይቅርታ የምትጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዕለት ተዕለት ችግሩ ከተጨነቅሽ፣ አየርላንድ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ የለም ማለት ይቻላል። አይሪሽ በትምህርት ቤት ይሰጣል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ 40 በመቶ የሚሆነው ሰው ቋንቋውን መናገር እችላለሁ ብሏል። ነርሷም፣ መምህሯም፣ የመዝገብ ሠራተኛውም ኒቭን አይተው ኒቭ ነው የሚሉት። በ2021 በአገሪቱ ለሴት ልጅ ከሁሉ በላይ የተሰጠው ስም ፊያ ነበር። እሱም «ኤፍ፣ አይ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች» ተብሎ ነው የሚጻፈው። መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለቱ ፊደላት አይሰሙም። ማንም አልተቸገረም።

ለንደን ወይም አሜሪካ ከሄዳችሁ ይለያል። እዚያ ታስረዳለች። ተዋናይቷ ሰርሻ ሮናን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ስሟን አስረድታለች! ስሟ ግን ሥራዋን አላደናቀፈውም። እኔ ያየሁት ነገር አለ። ሌሎች ልጆች ስሙን አንዴ በጆሯቸው ከሰሙ ይይዙታል። የሚደናገረው ከወረቀት ላይ የሚያነብ አዋቂ ነው። እሱም ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ አለቀ።

ከዚህ ይልቅ የምፈራው ቀላል የሚመስለውን ስም ነው። «ኪራ» የሚለውን ስም እዪ። በ«ሲ» ጀምሮ «አይ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ» ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሲያራ» ብለው ያነቡታል። በትክክል ያነበቡት ስለሚመስላቸው አይጠይቁም። ኒቭን የሚያየው ሰው ግን እንደማያውቀው ያውቃል። «እንዴት ልበልሽ?» ይላል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

የእኛን ወገን አትርሺ። እናትሽ አዲስ አበባ ሆና በስልክ የምትጠራው ስም ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ቭ»ን «ብ» ይላሉ። እናቴ ልጄን እስካሁን በ«ብ» ነው የምትጠራት። ልጄም «አቤት» ትላለች፣ ቅር ብሏት አያውቅም። ባልሽ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ቅጂና በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ፊደሉን ግን ገና አታሳያቸው። መጀመሪያ ጆሯቸው ይልመደው። «ኲ» ደግሞ በፊደላችን ውስጥ አለች። አያት ኲቫን ለመጥራት ከእንግሊዛዊ ይልቅ ይቀናታል።

ሌሎች ስሞችንም ካያችሁ እንደዚሁ ጮክ ብለሽ ሞክሪያቸው። ኡና ቆንጆ ስም ነው። የኛ ሰው ግን «ኦና» ብሎ ሊሰማው ይችላልና እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ኢፋ በተቃራኒው በጣም ደስ ይለኛል። አጻጻፉ «ኤ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኢ» ነው። ኦሮምኛ የሚናገር ዘመድ ካለሽ ብርሃን ብሎ ይሰማዋል። ኤቫ የሚባለውም ሔዋን ማለት ነው፤ «ቭ»ዋ በ«ቢ» እና በ«ኤች» ነው የምትጻፈው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም ይኖራታል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በአንድ ስም ላይ አትጫኚው።

ከኢንተርኔት ዝርዝር ስትመርጪ ብቻ የአየርላንዱንና የስኮትላንዱን ጌሊክ እንዳታደባልቂ። የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፣ አጻጻፋቸውም ይለያያል። የስኮትላንዱ ጭረት እንኳን ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የሚያዘነብለው። የመረጥሽውን ስም አጻጻፍ ከዝርዝሩ እንዳለ አትቀበዪ፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አሳይተሽ ጻፊው።

ከሁለቱ የቱን ካልሽኝ እኔ ኲቫን እላለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። ሰሜን አካባቢ ያሉ ሰዎች «ኪቫ» ነው የሚሉት፤ ወደ ደቡብ ስትወርጂ «ኲቫ» ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ነው። የባልሽ ቤተሰብ እንዴት እንደሚለው ጠይቂና በዚያው ጽኑ። አንዱ አያት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ እያለ ልጅቷ መሐል እንዳትቀር። ኒቭ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ከዚያ በተረፈ ኒቭ በአይሪሽ ተረት ውስጥ ኡሺንን በነጭ ፈረስ ጭና ሰው ወደማያረጅበት አገር የወሰደችው ልጅ ናት። ባልሽ ታሪኩን በልጅነቱ ሳይሰማ አይቀርም። ለልጁ እየተረከ ያሳድጋታል።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ። ልደት በሦስት ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከመፈረምሽ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል አንብቢው፤ ባልሽም ያንብበው። ኒቭና ኲቫ ፋዳ የላቸውም፣ ይሄ ብዙ ራስ ምታት ይቀንስልሻል። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ሮሺን ወይም ሺቫን ካላችሁ ግን ፋዳዋ እንዳትቀር ተከታተዪ። ሾን የሚለው የወንድ ስም ፋዳው ሲወድቅ «አሮጌ» ማለት ይሆናል፣ ስለዚህ ቀልድ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስምን ከነፋዳው በትክክል እንዲመዘግቡ በ2021 የወጣ ሕግ አለ። «ኮምፒውተራችን አይቀበልም» ካሉሽ እሱን አንሺላቸው። ፓስፖርት ላይ ከታች ማሽን የሚያነበው መስመር ግን ፋዳ አይቀበልም። የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጪ ያለ ፋዳ ብትጽፊው ችግር የለውም።

ሌላ የምትጠይቂው ካለ ጻፊልኝ። በሽልም ያውጣሽ።